ማማው ከወንዙ ሆድ ይውጣ

መልካ ጀብዱ፤ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በመልካ ጀብዱ አካባቢ ማሽላ ወተት መያዝ ሲጀምር የገበሬው ቤተሰብ ኑሮ ግማሹ ከቤት ወደ ማሳ ይዛወራል። ጎህ ሳይቀድ ወንጭፍና ጅራፍ የያዘው ልጅ ማማው ላይ ይወጣል። ቁርሱ እዚያው ይላክለታል። ማታ ደግሞ ጃርትና ከርከሮ እንዳይገባ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ተተክቶ ያድራል። ይህ ሁሉ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች አዲስ ወሬ አይሆንም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያነሣው ማማው ምን ያህል ወፍ ያባርራል የሚለውን ሳይሆን ማማው የት ቆሟል የሚለውን ነው።

ጉዳዩን እንዳነሣ ያደረገኝ በደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ተተክሎ ያየሁት አንድ ማማ ነው። አራት የግራር ቋሚ፣ የእንጨት ርብራብ፣ በላዩ የአገዳ ክዳን። ቁመቱ ከአንድ ሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። በርብራቡ ላይ አሮጌ ጆንያ ተነጥፏል፤ ለወንጭፍ የተመረጡ ድብልብል ድንጋዮች በአንድ ጥግ ተከምረዋል። ሥራውን የሠራው ሰው እጁ የተባ መሆኑ ያስታውቃል። ይሁን እንጂ ከማማው ጥቂት እርምጃ ርቆ በቆመው ግራር ቅርንጫፍ ላይ የደረቀ ሣር፣ የተቀዳደደ ፌስታልና የአገዳ ቁራጭ ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል። በመጀመሪያ ነፋስ ያመጣው መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ስመለከተው ጭቃ የለበሰና ወንዙ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ተጣጥፎ የደረቀ የጎርፍ ግሳንግስ ነው። ዓይኔን ከቅርንጫፉ ወደ ማማው መለስኩ። ውሃው ደርሶበት የነበረው ቅርንጫፍ ወፍ ጠባቂው ልጅ ከሚቀመጥበት ርብራብ በክንድ ያህል ይበልጣል።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በዓመቱ ውስጥ በአብዛኛው ቀን በእግር የሚሻገሩት አሸዋ እንጂ ውሃ ስላልሆነ ስሙ ለእንግዳ ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ግን ውሃው የሚመጣበትን ቀን ያውቁ ነበር።

ወፉ ወንዝ ይወዳል

ማማውን እዚያ ማቆም ከሞኝነት የመጣ አይደለም። የማሳው ባለቤት የሆኑትን ሽማግሌ፣ ኦቦ፣ ለምን ከዳገቱ ላይ አልተከሉትም ብዬ ስጠይቃቸው፣ አንተ ልጅ፣ ወፍ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ ወይ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ትክክል ናቸው። ግሪሳ ወፍ ጠዋትና ማታ ውሃ ይሻል፤ የሚያድረውም በእሾሃማ ግራርና በውሃ ዳር ባለው ቄጠማ ውስጥ ነው። በዚህ ቆላ አገር እንዲህ ያለ ዛፍ የሚበዛው በወንዙ ዳርና ዳር ነው። ስለሆነም መንጋው ከማደሪያው ተነሥቶ ማሳው ላይ ከመውረዱ በፊት የሚያገኘው ሰው ወንዙ ውስጥ የተቀመጠው ነው። ከዚህም ሌላ አሸዋው ጉድጓድ ለመቆፈር ይቀላል፤ የግራሩ ጥላ አለ፤ ዋናው ነገር ደግሞ የደረቅ ወንዝ ሆድ የማንም ርስት አይደለም። እሳቸው ከዳገት ላይ ልትከል ቢሉ ዳገቱ የጎረቤት ማሳ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ልጆች እየተመላለሱ ማሽላዬን ይረግጡብኛል ብሎ ከልክሏል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የግሪሳን ጉዳት ለማሳየት ሒሳቡን በአጭሩ እንሥራው። አንድ ወፍ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በዚሁ ስሌት በቀን 10,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 100 ኩንታል ያወድማል ማለት ነው። የመንጋው ብዛት ከዚህም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ወፉ ይበልጥ የሚጎዳው ፍሬው ገና ወተት ሳለ ነው፤ ነጭ ማሽላን ሲወድ፣ የሚኮመትት ጣዕም ያለውን ቀይ ማሽላ ሌላ ካገኘ ይተወዋል። እንግዲህ ነጭ ማሽላ የዘራ ገበሬ ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ ባሉት ሳምንታት ለአንድ ጠዋት እንኳ ጠባቂ ቢያጓድል የዓመት ልፋቱ በነበር ይቀራል። ልጅን ከማማ ላይ አውርዱ ብሎ መምከር ለዚህ ሰው ምክር አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄው ጠባቂው ሥራውን እየሠራ እንዴት በሕይወት ይቆይ የሚለው ነው።

ከውሃ ላይ ወፍ የሚጠብቁ

ወፍ መጠበቅ ሰውን ለውሃ አደጋ የሚያጋልጠው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ዳክዬ የሚያድኑ ሰዎች በሐይቅና በትልልቅ ወንዞች ላይ የሚንሳፈፍ መደበቂያ ይሠራሉ። በእኛ ዘንድ ዳክዬ አድኖ መብላት ያልተለመደ ስለሆነ ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ አሠራሩ ግን ለማንኛውም የማማ ባለቤት ይገባዋል። ባዶ በርሜሎች ወይም ሌላ የሚንሳፈፍ ነገር ከሥር ይታሰራል፤ በላዩ ሳንቃ ይነጠፋል፤ ዙሪያው በቄጠማና በሸምበቆ ይሸፈናል። አዳኞቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ውስጡ ይሸሸጋሉ። ዳክዬው ሸምበቆ መስሎት ይቀርባል።

አደጋው የሚመጣው ከዚሁ ብልሃት ነው። ወፉ ሲመጣ ሁሉም በአንድ በኩል ብድግ ይላሉ፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ሳንቃው ይገለበጣል። ሽፋኑ ሸምበቆ ነፋስን እንደ ሸራ ስለሚይዝ ማዕበል በተነሣ ጊዜ የመልሕቁ ገመድ ሊበጠስ ይችላል። ውሃ የገባበት በርሜል ከላይ ደህና ይመስላል፤ ሰው የሚያውቀው ወለሉ ሲያዘነብል ነው። አዳኙ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ልብስና ከባድ ካፖርት ስለለበሰ ውሃ ውስጥ ከወደቀ መዋኘት የሚችለው እንኳ ይቸገራል። በብርድ አገር ደግሞ ሳይሰጥም ቅዝቃዜው ይገድለዋል።

በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ የሚነገርለት ቀን ኅዳር 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በላይኛው የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ጠዋቱ ለወቅቱ ያልተለመደ ሙቀት ነበረው። አዳኞች ቀላል ልብስ ለብሰው፣ በትንንሽ ጀልባ ወደ ወንዙ ደሴቶችና ወደ መደበቂያቸው ገቡ። ዳክዬው እንደዚያ ቀን በዝቶ ታይቶ አያውቅም ይባላል፤ ምክንያቱም ወፉ ከኋላው የሚመጣውን ማዕበል እየሸሸ ነበር። አዳኞቹ ይህን እንደ ሲሳይ ቆጠሩት። ጥቂት ቆይተን እንሂድ ሲሉ ነፋሱ ደረሰ፤ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፤ ማዕበሉ ጀልባ የማያስኬድ ሆነ። በዚያ ማዕበል በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ከ140 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ብቻ ከሞቱት 49 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዳክዬ አዳኞች ነበሩ።

ይህን የምናወራው የሰው አገር ታሪክ ለማብዛት አይደለም። እነዚያ አዳኞች ዓይናቸው ወፉ ላይ ስለነበር ሰማዩን አላዩም። የእኛም ወፍ ጠባቂ ልጅ ዓይኑ ማሽላው ላይ ነው፤ ጀርባው ደግሞ ጎርፍ ለሚመጣበት አቅጣጫ ተሰጥቷል።

በአገራችንም በውሃ ላይ የሚሠራ ሰው ጥንቃቄን ከኑሮ ተምሯል። በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ታንኳው ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ ስለሚያውቁ ሥራ ሲያበቃ ከውሃው አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ዛሬ ችሏል ብለው ለነገ አያምኑትም። የመልካ ጀብዱ ማማ ግን የቆመው ደረቅ መሬት ላይ ነው ተብሎ ስለሚታመን ባለቤቱ ስለ ውሃ አያስብም።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ

ጎርፉ እንዴት እንደሚመጣ ሁሉም የሚያውቀው ቢመስልም አንድ ጊዜ በዝርዝር ማየቱ አይከፋም። ከእኛ በስተ ደቡብ የሐረርጌ ደጋ ተዘርግቷል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የደንገጎ አካባቢ ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ቁልቁለት ያለው በአጭር ርቀት ውስጥ ነው። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ ዛፉና ሣሩ የሳሳበት ተዳፋት ውሃውን መምጠጥ ስለማይችል ገፍቶ ወደ ሸለቆው ይልከዋል፤ ሸለቆዎቹ እርስ በርስ እየተገናኙ ወደ ታች በመጡ ቁጥር ውሃው ይበዛል። ቆላው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከዋክብት እየታዩ፣ ወንዙ ይሞላል። ከላይ የጣለው ዝናብ ታች የሚደርሰው አንዳንዴ ሰዓት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ደረቅ አሸዋ ላይ የተኛ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ዝናብ ሳይሆን ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን የማያስታውስ የድሬዳዋ ሰው ጥቂት ነው። ደቻቱ ሰው በተኛበት ሞልቶ ወጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የወንዙ ሆድና ዳርቻ በቀን የገበያና የመተላለፊያ ቦታ ነበር፤ ብዙ ሰው ቤቱን ከዳር ላይ ሠርቶ ይኖር ነበር። ደረቅ ወንዝ ማለት ባዶ ቦታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያስከፈለውን ዋጋ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ከሳምንት በኋላ በነሐሴ ወር በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነች አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች በሚኖሩባቸውና ማሽላ በሚዘሩባቸው ደሴቶችና ዳርቻዎች ላይ ከ300 በላይ ሰዎችንና እጅግ ብዙ ከብት ወሰደ። የቀሩትን በጀልባና በሄሊኮፕተር ማውጣት ግድ ሆኖ ነበር።

በድሬዳዋ ከተማ ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የማሽላ ማሳ ግን ግንብ አይሠራለትም። የማሽላ ማሳ መከላከያው ሰውየው የሚቀመጥበትን ቦታ መምረጡ ብቻ ነው።

አንዳንድ ገበሬዎች ማማው ከፍ ያለ ስለሆነ ጎርፍ ቢመጣ እላዩ ላይ እንሆናለን ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው። አንድ ሜትር ወርድ፣ አንድ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ክብደቱ 10 ኩንታል ነው። ይህ ክብደት እየሮጠ ሲመጣ የሚገፋውን እያንዳንዱ ገበሬ ጭነት የያዘ ጋሪ ቁልቁል ሲያመልጥ ካየ ይረዳዋል። ፈጥኖ የሚወርድ ጎርፍ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ ጎልማሳን ሰው ሊጥል ይችላል። 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን የቤት መኪና ያንሳፍፋል። የማማው ቋሚ የተተከለው ደግሞ አሸዋ ውስጥ ነው። ጎርፍ ሲመጣ አሸዋው ራሱ ይሄዳል፤ ውሃው በቋሚው ዙሪያ እየተሽከረከረ ሥሩን ይቦረቡራል። ከላይ የሚመጣው ጉቶና የእሾህ ቁጥር በቋሚዎቹ መካከል ይጠላለፍና ማማውን እንደ ግድግዳ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው አራት እንጨት ሳይሆን ግድግዳ ነው የሚገፋው። ቋሚው ሲነቀል ርብራቡና የአገዳው ክዳን ይንሳፈፋሉ። የባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ ማማው እንደነዚያ የዳክዬ አዳኞች መደበቂያ ተንሳፋፊ ይሆናል፤ መልሕቅም መቅዘፊያም የለውም።

እንግዲያው ድምፅ የሰማ፣ ወይም በደረቁ አሸዋ ላይ ቀጭን የቆሸሸ ውሃ አረፋና ጭራሮ እየገፋ ሲመጣ ያየ ሰው፣ ወደ ማማው መውጣት የለበትም። በወንዙ ውስጥ ቁልቁል መሮጥም የለበትም፤ ጎርፍ ከሰው ይፈጥናል። በአቅራቢያው ወዳለው ዳገት ወደ ጎን መውጣት ነው። ወንጭፉን፣ ጆንያውን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ረሳሁ ብሎ መመለስ አይገባም። ፍየል ቀርቶብኛል ማለት ግን ለልጅ ይከብደዋል። አባቱ ፍየሏ ብትሄድ አልቆጣህም ብሎ አስቀድሞ ካልነገረው ልጁ ይመለሳል። ይህን ቃል መናገር የአባቱ ሥራ ነው፤ መነገር ያለበትም ዛሬ፣ ደመና ሳይኖር ነው።

ውሃው ካለፈ በኋላም ቶሎ መሻገር ሌላው ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ጎርፍ ጎደለ ሲባል ከሌላ ሸለቆ የተነሣው ሁለተኛ ሊከተል ይችላል። ደፍራሽ ውሃ ሥር ትናንት የነበረው መሬት ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ እንደሆነ ከላይ አይታይም።

መብረቅና የወፍ መድኃኒት

ስለ ማማ ከተነሣ ስለ መብረቅ ዝም ማለት አይቻልም። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ማማው ከማሽላው በላይ ብቻውን ይታያል፤ መብረቅም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ብልጭታው ከታየ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ቀስ ብሎ መቁጠር ይበቃል። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ 30 ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነውና ከማማው መውረድ ይገባል። ከተወረደ በኋላ ከግራሩ ሥር መጠለል ከማማው የተሻለ አይደለም፤ የሚሻለው ወደ ቤት መግባት ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ማማው አይመለሱም። በዚያ ግማሽ ሰዓት ወፉ ጥቂት ይበላል፤ ዝናብና ነጎድጓድ ሲሆን ግን ወፉም እንደ ልቡ አይበርም።

ሁለተኛው በአውሮፕላን የሚረጨው መድኃኒት ነው። የግሪሳ መንጋ ከገበሬው አቅም በላይ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አውሮፕላን የሚረጭበት ጊዜ አለ። የሚረጨው ወፉ ሊያድር ሲሰበሰብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በማደሪያው ዛፍ ላይ ነው። የወፉ ማደሪያ ደግሞ ቀደም ብለን እንዳልነው የወንዙ ዳር ነው፤ የጠባቂውም ማማ እዚያው ነው። ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት ለሰውም መርዝ ነው። ርጭት እንደሚኖር የተነገረው የማኅበር መሪ ወሬውን ለስብሰባ ማቆየት የለበትም፤ በዚያው ቀን ጠባቂዎቹን ከዛፎቹ አካባቢ ማስነሣት አለበት። በማግስቱ መሬት ላይ የረገፈውን ወፍ ለቅሞ መጥበስም እንዲሁ አደገኛ ነው። ልጆች ይህን እንደ ድግስ ይቆጥሩታልና አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው

እኛ በግብርና ትምህርት ያለፍን ሰዎች ወደ ገበሬው ስንመጣ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ነው። በመስመር መዝራትን ስናስተምር ጠባቂው የት ይቀመጣል ብለን አንጠይቅም። ትምህርት ቤት የተማርኩት የሰብል ጥበቃ ስለ ወፉ ብዙ ይላል፤ ስለ ወፍ ጠባቂው ግን አንድ ገጽ እንኳ አላስታውስም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ከሽማግሌዎች ጋር አሸዋው ላይ በእግር ስንሄድ የተገኘ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የጎርፉን ምልክት ማንበብ ነው። ክረምት ሲያልፍ፣ ማሽላው ወተት ከመያዙ በፊት፣ የማኅበሩ መሪ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችን ይዞ በወንዙ ሆድ ይሂድ። በዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ግሳንግስ፣ በገደሉ ግድግዳ ላይ ያለው የጭቃ መስመር፣ ግንዱ የተላጠበት ከፍታ፣ ሁሉም ውሃው የት እንደደረሰ ይናገራሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ ከዚያ በላይ የሆነውን ዓመት ያስታውሳሉ። ከፍተኛው ምልክት ባለበት ዛፍ ላይ ነጭ ቀለም ወይም ኖራ መቀባት ብዙ ወጪ የለውም። ከዚያ ምልክት በታች ማማ እንዳይተከል፣ በተለይም ማታ ሰው እንዳያድር ማኅበሩ ሊወስን ይችላል። የገበሬ ማኅበር በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ከተቋቋመ ጀምሮ የመሬትና የድንበር ክርክር ሲዳኝ የኖረ ነው። ዛሬ የገጠር ቀበሌ ቢባልም ለዚህ ለዚህ ሥልጣን አያንሰውም።

ሁለተኛው ወሬ ነው። የአወዳይ የጫት ዋጋ ጠዋት ከደጋው ተነሥቶ ቆላ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ሁሉም በሞባይል ይጠያየቃል። ደጋው ላይ ወንዝ የሚያንቀሳቅስ ዝናብ ጣለ የሚለው ወሬ ግን በዚያው ስልክ አይወርድም። ከላይ ካለው ቀበሌ መሪ ጋር አንድ ቀን ተገናኝቶ፣ ቁጥር ተለዋውጦ፣ ከባድ ዝናብ ሲሆን ማን ለማን ይደውላል ብሎ መስማማት ምን ያስቸግራል? ታች ያለው ተቀባይ ስልኩን ሌሊት እንዳያጠፋ፣ የሰማውንም በጡሩምባ ወይም በቆርቆሮ ድምፅ ለማሳው ሁሉ እንዲያስተላልፍ አንድ ሰው መመደብ ይበቃል። ለወፍ የሚመታው ቆርቆሮ ለጎርፍም ይመታል፤ ምቱ ግን የተለየ ይሁን፣ አለዚያ ጠባቂው ሁሉ ጎረቤቱ ግሪሳ የሚያባርር ይመስለዋል።

የሌሊት ጥበቃን በተመለከተ ሕፃናትን ማሳደር ፈጽሞ መቅረት አለበት። ለዐዋቂዎቹም ቢሆን እያንዳንዱ ለየማሳው ብቻውን ከሚያድር አምስት ስድስት ባለማሳዎች ተባብረው ከዳገቱ ላይ በተራ ቢያድሩ አንዱ ሲያሸልብ አንዱ ይነቃል። ይህ በደቦ ለሚያርስና በደቦ ለሚያጭድ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው አስቀድሜ ያነሣሁት የዳገቱ ነገር ነው። ማማ ከወንዝ ይውጣ ማለት በሌላ ሰው መሬት ላይ ይተከል ማለት ነው። የመሬቱ ባለቤት ማሽላዬ ይረገጣል ሲል እውነቱን ነው። ማኅበሩ በዚህ ላይ ካልገባበት የማማው ባለቤት ጠብ ከሚያነሣ ወንዙን ይመርጣል። በዚህ ዓመት የሚረገጠው አገዳ ስንት እንደሆነ ገምቶ፣ መግቢያውን በአንድ ቀጭን መንገድ ወስኖ፣ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ አስቀምጦ ማስማማት የመሪው ሥራ ነው። ከጎርፍ በኋላ ለለቅሶ ከመሰብሰብ ይህ ይቀላል።

የእነዚያ ሽማግሌ ጉዳይም በዚሁ መንገድ ታየ። ጎረቤታቸው ተጠርቶ በግራሩ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ ስለ ጎርፍ ሲነገረው አልተበገረም፤ ጎርፉ የሚወስደው የእሱን ልጅ አይደለም። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል ሲታየው ዝም አለ። ቀጥሎ ያነሣው ነገር ከእኛ ይልቅ ብልህ ነበር። ማማው ከእኔ ዳገት ላይ ከተተከለ ልጁ የእኔንም ማሽላ ይጠብቃል ወይ ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው ከዚያ ላይ ሆኖ የሁለቱም ማሳ ይታያል አሉ። የጎረቤትየው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ሳትቀር ከሰዓት በኋላ ልትተካው፣ ጠዋት ደግሞ የሽማግሌው ልጅ ሊወጣ ተስማሙ። ስለሚረገጠው አገዳ አልተነሣም።

ቋሚዎቹን በማግስቱ ነቀሏቸው። ከአሸዋው ወደ ዳገቱ የተወሰደው መንገድ ወደ አርባ እርምጃ ይሆናል። መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ አዲሱን ጉድጓድ መቆፈሩ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሽማግሌውም አሸዋው ይሻል ነበር እያሉ አጉረመረሙ። ልጁ ግን የወንጭፍ ድንጋዩን በጆንያው እየቋጠረ አመላለሰ፤ ከላይ ሲሆን ወደ ግራሩ አንድ ወርውሮ መድረሱን ፈተነ፤ ደረሰለት።